ቢራ የማይጠጡት ደንበኛዬ

ቤቱ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ያማረው ሰው ሱቄ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የቱ የመጥመቂያ ኪት ይሻላል?» መልሱን ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝም አልስተውም። ለጀማሪ የብቅል ሽሮፑ፣ ገንዘብ ኖሮት ጊዜ ለሌለው ማሽኑ፣ ትዕግሥት ላለው ደግሞ ብቅሉን ራሱ የሚያፈላበት ድስትና ማጥለያ። ሦስቱንም ጠምቄ፣ ቀምሼ፣ አወዳድሬ ውጤቱን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። በሥራዬ ማንም እንዲያርመኝ አልፈልግም።

እማማ የገቡት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። የሸሚዛቸው ኮሌታ ከመተኮሱ ብዛት ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ጀማሪ ነኝ» አሉኝ፤ ሽሮፑን ሰጠኋቸው፤ ሄዱ።

በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ።

«ልጄ፣ ይሄ አይደለም።»

«ምኑ ነው ያልሆነው እማማ? መረረ? ቀጠነ?»

«እኔ እንጃ፤ አልቀመስኩትም። ቢራ አልጠጣም።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ማሽኑን አወረድኩላቸው። የማይዝግ ብረት ነው፤ ሙቀቱን ራሱ ይቆጣጠራል፤ ክዳኑ ግጥም ያለ ነው። ከሱቄ ሁሉ የምኮራበት ዕቃ ይኸው ነው። አራት ቀን እንኳ ሳይሞላው እየጎተቱ ይዘውት መጡ።

«ይሄማ ካዝና ነው» አሉኝ። «አፍንጫዬን ክዳኑ ላይ ደፍቼ ብውል ምንም የለም።»

ለሌላው ደንበኛ ሁሉ «ቤት አያሸትም» እያልኩ የምሸጠው በዚሁ ነበር። ንድድ አለኝ። «እማማ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። የማይጠጡትን ቢራ ምን ሊያደርጉት ነው?» አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው።

አልተቆጡም። የብቅል ጆንያ ላይ አረፍ ብለው ነገሩኝ።

ዕድሜያቸውን የፈጁት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ደም ይሁን መድኃኒት፣ እሳቸውን ያሸነፈ እድፍ የለም። ባላቸው ደግሞ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ብቅሉ ጭማቂውን ከሰጠ በኋላ የሚቀረውን አተላ ትልቁ ጋን ውስጥ ገብተው በአካፋ እየዛቁ የሚያወጡት ባልየው ነበሩ።

«ሽታው ከእሱ ቀድሞ ደረጃውን ይወጣ ነበር» አሉ። «ጸጉሩ፣ ጆሮው፣ ካፖርቱ፣ አንድ የተረፈ የለም። በር ላይ አስቁሜ ነበር የማስወልቀው። ‹አንቺ ሴትዮ፣ የሚያበላንን ሽታ እኮ ነው የምታባርሪው› ይለኝ ነበር። አልሰማውም፤ እስቃለሁ፤ አጥባለሁ።»

ባልየው ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ሲቀራቸው ልባቸው ቀጥ አለች። ዘመድ ጎረቤቱ ሳሎን ተሰብስቦ ሲያለቅስ እማማ መታጠቢያ ቤት ገቡ። ካፖርቱን፣ ኮፍያውን፣ ሹራቡን፣ የትራሱን ልብስ ሳይቀር በፈላ ውሃ ሁለት ሁለት ጊዜ አጠቡት።

«ማን እንዳዘዘኝ አላውቅም። እጄ ሌላ ሥራ አያውቅማ! በማግስቱ ተኩሼ ስጨርስ ካፖርቱን አሸተትኩት። ሳሙና ነው። ሳሙና ብቻ።» ኮሌታቸውን እየነካኩ ቀጠሉ። «እነሱ አንዴ ቀበሩት። ሁለተኛውን የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ፋብሪካውም በዓመቱ ተዘጋ። አንድ ቀን በሩ ድረስ ሄደው ቢቆሙ የቀለም መጋዘን ሆኖ ጠበቃቸው።

«ፊቱ ፎቶ ላይ አለ። ድምፁም ስልኬ ውስጥ አለ። ሽታው ግን እየጠፋብኝ ነው ልጄ። ይኸው ሁለት ዓመቱ፤ አሁን ልረሳው ነው።»

የእሑድ ከሰዓቴን ሰጥቼ ሦስተኛውን ኪት ራሴ ተሸክሜላቸው ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ናት፤ ከምግብ ጠረጴዛው የልብስ መተኮሻው ይበልጣል። ብቅሉን በማጥለያው ከትቼ ድስቱ ውስጥ ነከርኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይፈላ ትኩስ እንዳለ ያዝነው። ቤቱን ጣፋጭ እንፋሎት ሞላው፤ መስኮቱ አላበው። እኔ ፈተና እንደተፈተነ ተማሪ ፊታቸውን እያየሁ እጠብቃለሁ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ሳቡ።

«ፋብሪካው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ምሳ ሳደርስለት በሩ ላይ የሚሸተኝ። ፋብሪካው ነው እንጂ እሱ አይደለም።»

ጭማቂውን አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ እርሾ ጨምሬ ከደንኩ፤ አተላውን ክዳን ባለው ባልዲ አድርጌ በረንዳው ላይ አስቀመጥኩና እንደተሸነፈ ሰው አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ረቡዕ ዕለት ለአንድ ጎረምሳ ኪት እየሸጥኩ «አደራ፣ አተላውን በዕለቱ ጣለው፤ ካደረ ይገማል» ስለው ክው አልኩ። የእማማን አተላ አልጣልኩትም! በዚህ ሙቀት ሦስት ቀን! ሱቄን ዘግቼ በረርኩ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሽታው ተቀበለኝ፤ ኮምጣጣ፣ ከባድ፣ የከብት በረት የመሰለ። አንዲት ጎረቤት አፍንጫዋን ይዛ «ላይ ቤት ምን ሞተ?» አለችኝ። የይቅርታ ንግግሬን እያዘጋጀሁ አንኳኳሁ።

እማማ ከፈቱ። እጃቸው እስከ ክርናቸው በአተላ ርሷል፤ ያ የማይነካ ኮሌታቸው ላይ የብቅል ገለባ ተጣብቋል። ባልዲውን ከበረንዳው አምጥተው ሳሎኑ መሀል፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አስቀምጠውታል። የባላቸውን ካፖርት አልብሰውታል።

«ይቅርታ እማማ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አሁኑኑ...»

«መጣ» አሉኝ። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ይስቃሉ። «ልጄ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ሲሸተኝ አደረ። ዛሬ ጠዋት የባልዲውን ክዳን ባነሳው እሱ ራሱ ነው!»

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የጠፋቸው ነገር ሁልጊዜ ጣሉት ብዬ የምመክረው ነገር ውስጥ እንደነበር እንዴት አላሰብኩም?

«ስንት ቀን ይቆይልኛል?» አሉኝ።

ልዋሻቸው ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። «በዚህ ሙቀት ቢበዛ ሁለት ቀን ነው እማማ። ከዚያ ይሻግታል፤ ሽታውም ይለወጣል። ግን ሌላ እንጠምቃለን፣ እኔ...»

ያን በአተላ የራሰ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«የዚያን ጊዜውን ያኔ እናወራለን። አሁን ወደ ሱቅህ ሂድልኝ ልጄ፤ ከእሱ ጋር ብቻችንን ተወን፤ ሁለት ቀን ምን አላት?» አሉኝና በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።