የአባቴ ስም ያለበት መንገድ

አባቴ ኮሪያ ዘመተ፤ ኒሻኑ መጣልን፣ እሱ አልመጣም። ያኔ ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ የማስታውሰው ጣቢያው ላይ በባቡሩ መስኮት ያወጣውን እጁን ብቻ ነው። ድምፁ ጠፍቶብኛል። ከዓመታት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ከዚራ ያለውን የኛን መንገድ በስሙ ሰየመውና ጥጉ ላይ የቆርቆሮ ሰሌዳ ተቸነከረ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም! ስሙን ቀኑን ሙሉ የምሰማ መስሎኝ ነበር።

ማን ጠርቶት! ድሬ ለሰሌዳ ደንታ የላትም። ሰፈርተኛው ሁሉ እንደ ድሮው «ግሪኩ ዳቦ ቤት ጋ» ነው የሚለው። የባሰው ደግሞ የእናቴ ነው። እሷ ደገኛ ናት፤ የባልን ስም መጥራት ለሷ ትልቅ ነውር ነው። በሕይወት ሳለ «አንቱ» ትለው ነበር፣ ከሞተ በኋላ «እሳቸው» ሆነ።

«እማ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ጥሪው» እላታለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ባሌን በስሙ?»

እበግናለሁ። ከሷ አፍ ብሰማው የጠፋብኝ ድምፁ ራሱ የሚመለስልኝ ይመስለኝ ነበር።

ግሪኩ ዳቦ ቤቱን ዘግቶ አገሩ የገባ ሰሞን፣ ከቀፊራ ገበያ ስንመለስ ጋሪ ያዝን። ባለጋሪው ከመልካ ጀብዱ የመጣ፣ ለከተማው አዲስ ሰው ነው።

«አዴ፣ የት ልውሰድሽ?»

«ግሪኩ ዳቦ ቤት ጋ።»

«አቦ፣ የምን ዳቦ ቤት? እኔ የማውቀው ሰሌዳውን ነው። የመንገዱን ስም ንገሪኝ።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። «ንገሪው እንጂ!» እኔ ግትሯ አፌን ዘግቼ ፈረሱን አያለሁ።

ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገችና የአባቴን ስም ከነአባቱ ጠራችው። ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንደምትቀሰቅስ። ከዚያ ወዲያ ደግማው አታውቅም፤ እስከ ዛሬ የሚናፍቀኝ ያ አጠራሯ ነው።

«እሱንማ አውቀዋለሁ!» አለ ባለጋሪው ፈረሱን ነካ እያደረገ። ሰሌዳው ላይ ያለው የመንገዱ ባለቤት ስም መስሎታል። «ትልቅ ሀብታም መሆን አለበት ወላሂ፣ መንገዱ ሁሉ የሱ! አሁን ቤት ነው ያለው?»

ላርመው አፌን ስከፍት እናቴ ጉልበቴን ያዘችኝ።

«ወጣ ብለዋል» አለችው።

ሰሌዳው ጋ እስክንደርስ እጇን ከጉልበቴ ላይ አላነሳችም።