ካንጋተን ላይ ድምፅ ያነሰው ስፒከር

ጂንካ፣ ጋሽ ታደለ ሬዲዮ ጥገና ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቀኑን ሙሉ አቧራ ስጠርግ ዋልኩ። ከአልዱባ ገበያ የመጡት ሬዲዮዎች ሆዳቸው አፈር ነበር። ጋሽ ታደለ የቀለም ብሩሽ ሰጡኝና፣ «ካቻቢቴው አይሸሽህም፤ መጀመሪያ ጥረግ» አሉኝ። ማታ አቧራ ለብሼ ቤት ስገባ እህቴ በሩን ከፍታ፣ «ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

ደግ ዘመን ነበር። ደንበኛ ያለቀ የባትሪ ድንጋዩን ደጃችን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ እስኪሞቅለት ቁጭ ብሎ ያወራል። ሬዲዮው ሲናገርለት አብረን እንስቃለን። ያ ደጅ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ ጋሽ ታደለም ይናፍቁኛል።

እሳቸው አርጅተው ሱቁን ከተዉልኝ በኋላ የወረዳ ቢሮ ሬዲዮ ልጠግን ኦሞ ወንዝ አጠገብ ወዳለችው ካንጋተን ሄድኩ። እዚያ ሳለሁ ኦሞ ሊሞላ ነው ተባለ። ዳሩ ላይ ማሽላ የሚጠብቁ ሰዎች ቶሎ መነሳት አለባቸው፤ የማስታወቂያው ሞንታርቦ ደግሞ ተበላሽቷል። ሎመር የሚባል የቢሮው ሠራተኛ፣ የአካባቢው የኛንጋቶም ብሔረሰብ ልጅ፣ የቤቱን ስፒከር ተሸክሞ መጣ።

«ጋሼ፣ በመኪና ባትሪ አስጩህልኝ። እናቴ እዚያ ናት» አለኝ።

ስፒከሩ የአሥራ ሁለት ቮልት መግቢያ ነበረው። የቢሮው ፒክአፕ ላይ ጭኜ ከባትሪው እስከ ኋላ ገመድ ዘረጋሁና ከሾፌሩ ጋር ሄድን። ከማሳው ወዲህ ውሃ የሞላው ቦይ አስቆመን። በእግር እንዙር ብንል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሎመር መኪናው ላይ ቆሞ በማይክ በቋንቋው ተጣራ። ድምፁ እንደ ትንኝ ነው። ማንም ዞር አላለም።

ባትሪውን በቴስተር ለካሁ፤ አሥራ ሁለት ተኩል። «መኪናው ጤነኛ ነው፤ ስፒከርህ ነው የሞተው» ብዬ ፈታሁት።

«ጋሼ፣ ትናንት ቤት ሲጮህ ጎረቤት ተጣልቶናል» አለ ሎመር።

«እስቲ ሥራዬን ልሥራበት!» አልኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሽቦ በሽቦ ፈተሽኩ። ምንም የለውም። ሎመር ወደ ወንዙ ያያል።

መልሼ ስገጥመው ገመዱ እጄን አሞቀኝ። ሎመርን «ተናገር» አልኩትና እሱ ሲጣራ ስፒከሩ መግቢያ ላይ ለካሁ። ስምንት ቮልት! አይ እኔ! የዘረጋሁት ቀጭን የአምፖል ገመድ ኃይሉን መንገድ ላይ በልቶታል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሾፌሩን፣ «ባትሪ ሲደክም ከሌላ መኪና የምታስነሳበት ገመድ የለህም?» አልኩት።

«ከመቀመጫ ሥር አለ። ማን ጠየቀኝ?» አለ።

ስፒከሩን ወደ ፊት አምጥተን በወፍራሙ ገመድ አገናኘነው፤ ሞተሩንም አስነሳን። ሎመር አንዴ ሲጣራ የማሽላው ወፎች ግር ብለው ተነሱ። ሰዉም ተነሳ።

አመሻሽ ላይ እናቱ እህል በራሳቸው ተሸክመው፣ በላይ በኩል ዞረው መጡ። ሎመርን ሲቆጡት፣ «ምን አሉህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«‹መኪና ላይ ቆመህ አፍህን ስትከፍት አይቼሃለሁ፤ የምትበላ መስሎኝ ነበር› ነው የምትለኝ» አለና ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። በማግስቱ ማሳው የለም፤ ያለው ውሃ ብቻ ነበር።

ለሙያው ባልደረቦቼ፦ የመኪና ባትሪን ስፒከሩ እየጮኸ፣ በገመዱ ጫፍ ለኩ። ባለቤቱ «ዕቃዬ ደህና ነው» ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ የራሳችሁን ሥራ ፈትሹ።