ቦርከናን የሚጠብቁት ሰው

ክረምት ሲገባ አንድ ሽማግሌ ማለዳና አመሻሽ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ቦርከና ይወርዳሉ። ወንዙ ውስጥ የተተከለውን ባለ ቁጥር የውሃ መለኪያ እንጨት አይተው ከሚሴ ላለው የአደጋ መከላከል ቢሮ ይደውላሉ። የድምፅ ማጉያቸው ለሶላት ካልሆነ ከአንገታቸው አይወርድም።

አምና በነሐሴ፣ እሳቸው በሚኖሩበት በጨፋ ሜዳ ላይ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ "ላይ ኮምቦልቻ ዘንቧል፤ ውጡ!" እያሉ ሲጮኹ ሰው ስቆባቸው ነበር። እሳቸው ግን በየደጁ እየቆሙ፣ የመጨረሻው ሕፃን ሳይወጣ ንቅንቅ አላሉም። ጎርፉ ማሽላውን ጠርጎ ወሰደ እንጂ ሰው አልነካም።

ሸሪፋ አምስት ልጆቿን ይዛ የወጣችው ያን ቀን ነው። ዘንድሮ የመጀመሪያውን የበቆሎ እሸት ጠብሳ ወሰደችላቸው።

"አላህ ኸይሩን ይክፈልዎት፣ አባ። ልጆቼን አትርፈውልኛል።"

"አልሐምዱሊላሂ በይ። እኔ የተጣራሁ ብቻ ነኝ።"

በቆሎውን ለሁለት ሰበሩና ግማሹን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

"ለማን ነው?"

"ለልጄ።"

ሸሪፋ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ታውቃለች። "ልጅ አለዎት እንዴ?"

"ነበረችኝ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሱ። "ያኔ የሚጣራ ሰው አልነበረም።"

ከማግስቱ ጀምሮ ሸሪፋ የምታመጣላቸው ሁለት ሁለት በቆሎ ነው።