ጎማው ላይ የቀረው ጭቃ

ዛሬ ሐሙሲት ከተማ ላይ አንድ መካኒክ ፊት አለቀስኩ።

የእናቴን ሰልስት አውጥቼ ከጉና ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ፍጥነት በራሱ የሚጠብቀው የመኪናዬ ክሩዝ ኮንትሮል አልይዝ አለ። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ መኪናዋ ትዳከማለች። (እሷም መሄዱን አልፈለገችው መሰለኝ።)

መካኒኩ ፊውዙንና የፍሬኑን ስዊች ፈትሾ ጎማው ሥር ገባ። "የፍጥነቱ ሴንሰር በጭቃ ታፍኗል። ከየት ያመጣኸው ነው?"

"እናቴን ከቀበርንበት።"

ሊያጥብበት ያነሳውን ውሃ መልሶ አስቀመጠ። "ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ" ብሎ ጭቃውን በእጁ ፈልፍሎ ሰው የማይረግጠው ቦታ አኖረው።

ከቀብር ስንመለስ ሁላችንም እጃችንን ታጥበናል። መኪናዋን ግን ማን አስታወሳት?

ክሩዙ ይሠራል። ቤቴ ደርሼ ስልኬን አየሁ፤ "በሰላም ገባህ ወይ፣ ልጄ?" የሚል የለም።

እናንተ ዛሬ "ገባሁ" ብላችሁ የምትደውሉለት ማን ነው?