አያ ደምሌን ገዳሪፍ ያስጎበኘሁባት ዓርብ

ባለፈው ሰሞን ታናሿ ልጄ ሰላም ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ «ያባ፣ ሹፍ! እስቲ እየው» አለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ እስካደርግ ትዕግሥቷ አለቀና ራሷ አነበበችልኝ። «የግል የከተማ ጉብኝት። ጠዋት ካቴድራሉን እናያለን፣ ከሰዓት በኋላ የአገሩን ወይን እንቀምሳለን። መኪናው ለእርስዎ ብቻ ነው።» ከጽሑፉ በላይ ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ ከጎኑ ደግሞ ቀይ ወይን የተቀዳበት ብርጭቆ ይታያል።

ማስታወቂያው የዳዊት ነው። ዳዊት የመተማ ልጅ ሲሆን ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን በሚሉት ከተማ እንግዶችን በመኪናው እያዞረ ይኖራል። ልጄን ይፈልጋታል፤ እሷም ትፈልገዋለች። ያልፈለግሁት እኔ ነኝ። «በዓይኔ ላላየሁት አገር ልጅ አልሰጥም» ብዬ የላካቸውን ሽማግሌዎች መልሻቸዋለሁ።

«ያልከውን ሰምቶ ነው» አለች ሰላም፣ ስልኩን ሳታነሳ። «ይምጡና በዓይናቸው ይዩት፣ እኔው ራሴ አስጎበኛቸዋለሁ ይላል።»

ማዶ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ የነበረችው ባለቤቴ ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ። ሳቋን ስትውጥ አይቻታለሁ። ምን እንዳሳቃት አላጣሁትም። ደብር ማሳየትንና መጠጥ ማስቀመስን ባንድ ቀን ያጣመረ ጉብኝት ከዳዊት በፊት የጀመርሁት እኔ ነኝ፤ ያውም እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ወይን ቀርቶ ጠጅ በተከለከለበት ከተማ። እንግዳዬም አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፣ የትርንጎ አባት አያ ደምሌ።

ዛሬ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀለው ሕዝብ ገብቶባት ገዳሪፍ መተላለፊያ የላትም። ያኔ ግን ከተማዋ ጥቅምት ሲጠባ የሰሊጥ ብቻ ነበረች። ሎሪዎቹ ከየእርሻው ጆንያ ቆልለው ይገባሉ፤ መንገድ ላይ የፈሰሰው ሰሊጥ ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ከዘይት መጭመቂያዎቹ የሚነሳው ሽታ ልብስ ላይ ተጣብቆ ያድራል። ክረምቱን ሙሉ ሰው ጉልበት ድረስ ሲውጥ የከረመው ጥቁር ጭቃ ደርቆ ይሰነጣጠቅና ደግሞ በተራው እግር ይሰብራል። እኔ በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ለአጨዳ መጥቼ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። አባቴ እዚሁ ታሞ እዚሁ ተቀበረ። እኔም ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጆንያ እየተሸከምሁ ጎረመስሁ።

ትርንጎን ያየኋት ከሎሪ ጋር ወደ ድንበሩ ወርጄ፣ ገላባትን ተሻግሬ መተማ ገበያ ውስጥ ነው። በርበሬ ትሸጥ ነበር። ስለዚያ ገበያ ብዙ ብጽፍ ትቆጣኛለች፤ ስለዚህ የማያስፈልገኝን በርበሬ ብዙ ጊዜ ገዛሁ ብዬ ልለፈው።

ሽማግሌ ላክሁ። አያ ደምሌ የመለሱት መልስ አጭር ነበር፦ «ደብር በሌለበት፣ ለሠርግ ጠጅ በማይጣልበት አገር ልጄን አልቀብርም።»

እውነት ለመናገር ያለ ምክንያት አልፈሩም። በዚያ ዘመን ሱዳን ውስጥ ጠጅ ጥላ የተገኘች ሴት ትገረፍ ነበር። ወሬው ደግሞ ድንበሩን ሲሻገር እግር አውጥቶ፣ ክርስቲያን ማዕተብ አያስርም፣ ሲሞትም ፍትሐት የለውም እየተባለ ይደርሳቸዋል። እኔም «ይምጡና በዓይንዎ ይዩ፤ ደብሩንም አሳይዎታለሁ፣ የሚጠጣውንም አስቀምስዎታለሁ» ብዬ መልሼ ላክሁ። በስንት ልመና እሺ አሉ። ትርንጎም በሎሪ ረዳቱ በኩል መልእክት ሰደደችልኝ፦ «ለጥር ሌላ ሰው ጠይቋቸዋል። አባቴ እምቢ ካሉ በሬ ጠምደህ ብትጎትታቸው አይመለሱም። ያለችህ ያቺ አንድ ቀን ናት።»

አንድ ቀን ከሆነች አሳምሬ እጠቀምባታለሁ ብዬ ቆረጥሁ። ዓርብን መረጥሁ። በሱዳን ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው፤ መጋዘኑ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። የኛ ሰዎችም እሑድ ሥራ ስለሚውሉ ቤተ ክርስቲያን ነቅለው የሚወጡት ዓርብ ነው። እኛ ካሮ የምንለውን የአህያ ጋሪ ተከራየሁ፤ መቀመጫውንም ምንጣፍ አለበስሁት። የጉብኝቱ መጀመሪያ የእትዬ ዘርፌ ቤት ነበር። እትዬ ዘርፌ ለአበሻው ሠርግ ሁሉ ብርዝ የሚበርዙ ሴት ነበሩ። ጠጅ ከተከለከለ ወዲህ ያለ ጌሾ፣ ማሩን በውሃ በጥብጠው የሚያዘጋጁትን ጣፋጭ መጠጥ ነበር ሙሽራ የሚዳርበት። በቅድሚያ አፋቸውን ላጣፍጥና ሌላው ይቀለኛል ብዬ ነው።

አያ ደምሌ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ መቋሚያቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። እትዬ ዘርፌ ያንን ወርቅ የመሰለ ብርዝ በብርሌ ቀድተው ፊታቸው አስቀመጡ። አያ ደምሌ ብርሌውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ለመሆኑ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ጁምዓ ነዋ!» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

እትዬ ዘርፌ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ዓርብ ጾም ነው። የአያ ደምሌ አገር ሰው ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንኳን ብርዝ፣ ጠብታ ውሃ ባፉ አይዞርም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ቤታችን በዚሁ ሥርዓት ነበር የሚያድር። ነገር ግን ሱዳን ያደገ ልጅ ዓርብ ሲባል የሚታየው ዕረፍትና በጠዋት በሰሊጥ ዘይት የተለወሰ ፉል ነው። ሥጋና ወተት ካልነካን ጾምን ማለት ነበር ለእኛ።

«አንተስ ቁርስ ቀምሰሃል?» አሉኝ።

ከጭንቀቴ የተነሳ አልበላሁም ነበር። «አልቀመስሁም» አልሁ።

«እንግዲያስ ብላ የኔ ልጅ፤ እኔን ምን አስጠበቀህ።»

«እኔም የምቀምሰው በዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ይህ ቃል እንዴት ከአፌ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከወጣ በኋላ ግን መመለሻ አልነበረውም። እትዬ ዘርፌ ብርሌውን እያነሱ በሐዘኔታ አዩኝ፤ ፀሐይዋን ስለሚያውቋት ነው። የገዳሪፍ ጥቅምት ለጾመኛ ርኅራኄ የለውም።

ደጅ ስንወጣ ካሮው ቆሟል። አያ ደምሌ ምንጣፉን አይተው፣ «ቤተ ክርስቲያን ልሳለም በአህያ ጋሪ?» አሉና መንገድ ጀመሩ። ባለ ካሮውን አሰናብቼ ተከተልኋቸው። ካቀድሁት ሁሉ እስካሁን አንዱም አልሠመረም፤ እልኬ ግን ይብሱን ጸና።

ከዚያ የወሰድኋቸው ወደ ግብጾቹ ቤተ ክርስቲያን ነው። የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ የደወል ማማ አለው፤ ውስጡ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። ካቴድራል ብዬ ለማሳየት የሚበቃኝ እሱ ነበር። አያ ደምሌ ደጃፉን ተሳልመው ገቡ፤ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያዩ ብዙ ቆዩ። ልቤ ሞቅ አለ።

«ያምራል» አሉ ሲወጡ። «ግን የኛ አደለም። ልጄ ኃጢአቷን በማን ቋንቋ ልትናዘዝ ነው?»

ወደኛይቱ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ገበያውን አቋረጥን። መደብሩ ሁሉ ለጁምዓ ሶላት ተዘግቷል፤ ሸህ አደም ብቻ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ነበሩ፣ በራቸውን ሊቆልፉ ሲሉ ደረስን። ሸህ አደም ከወሎ መጥተው ገዳሪፍ ላይ ያረጁ ነጋዴ ናቸው፤ የአገር ሰው ሲያዩ ሳይጋብዙ አያሳልፉም። በረዶ የገባበት ቀይ ከርከዴ በሁለት ብርጭቆ ይዘው ወጡ። «ተፈደሉ፣ እንኩ ጠጡ! በዚህ ፀሐይ እንግዳ ደረቅ ጉሮሮውን አያልፍም።»

«ጾም ነኝ ሸህ፣ ይስጥልኝ» አሉ አያ ደምሌ።

«አላህ ይቀበልዎ» አሉና የእሳቸውን ብርጭቆ መለሱ። የእኔን ግን ወደ እጄ ገፉት። «አንተ ጠጣ እንጂ ፈንታሁን! አንተን ጾመህ አይቼህ አላውቅም ወላሂ።»

እዚያው መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ብርጭቆው ከቅዝቃዜው የተነሳ አልቦታል፤ ጠብታው በጎኑ ቁልቁል ይወርዳል። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። አያ ደምሌ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ነበር፤ ጀርባቸው ግን ይሰማል።

«ዛሬ ጀመርሁ» አልሁ፣ ብርጭቆውንም በሁለት እጄ መለስሁ።

ሸህ አደም አንዴ እኔን፣ አንዴ እንግዳዬን አዩ። ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል፤ ወደ ውስጥ ገብተው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አመጡና፣ «እንግዲያው ይኼንን ለቄሱ አድርስልኝ» አሉ።

የኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ ነበረች። ግቢዋ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ በቀር የሚያጌጣት የለም። አያ ደምሌ በሩ ላይ ቆሙ።

«ይቺ ናት ደብርህ?»

«ይቺ ናት» አልሁ። ሌላ የማሳየው አልነበረኝም።

ሕዝቡ ግን ነበር። ከየእርሻው የመጡ አጫጆች ማጭዳቸውን ከአጥሩ ሥር ከምረው፣ ያቺን አንድ ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከግቢው ተርፈው ውጭ ድረስ ቆመዋል። ዓርብ በመሆኑ ቅዳሴው የገባው ከቀትር በኋላ ነበር። ቆርቆሮው ይግላል፤ ያለ ምግብ ያለ ውሃ ቆሞ ማስቀደስ ለእኔ አዲስ ነበር። እኩሌታው ላይ «ብወድቅ ትርንጎን አጣኋት» እያልሁ ጥርሴን ነክሼ ቆምሁ። ድንገት ክንዴን አንድ ነገር ነካኝ፤ አያ ደምሌ ፊታቸውን ከመቅደሱ ሳያነሱ መቋሚያቸውን ያቀብሉኛል። ተቀብዬ ተደገፍሁበት።

ቅዳሴው ሲያበቃ ጥቅሉን ለቄሱ ሰጠሁ። ቄሱ ሲፈቱት የጠራ፣ ፍሬው ደህና ደህና የሆነ ዘቢብ ነበር።

«አባ» አሉ አያ ደምሌ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወይን በተከለከለበት አገር በጽዋው ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንደ አገራችን ነዋ» አሉ ቄሱ። «ዘቢቡን ዲያቆናቱ አጥበው ይዘፈዝፉታል፣ ቤተልሔም ውስጥ ይጨምቁታል። አያሰክር፤ ማን ይከለክለናል?»

«ዘቢቡስ ከየት ይመጣል?»

«ከሸህ አደም ነው። አዲስ ጆንያ ሲፈቱ ሌላ ሰው እጁን ሳይሰድበት የኛን ያነሱልናል።»

አያ ደምሌ አንዲት ዘቢብ አንስተው በጣታቸው አገላብጠው አዩ። አልቀመሷትም፤ መልሰው ከጓደኞቿ ጋር አስቀመጧት። ከዚያ ወደ እትዬ ዘርፌ ቤት ተመለስን።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ያ የጠዋቱ ብርዝ ዳግመኛ ቀረበ። አያ ደምሌ አማትበው ተጎነጩ፤ አፋቸው ውስጥ አዙረው ዋጡ።

«ማሩ የቋራ ነው» አሉ።

«አዎ፣ የቋራ ነው» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«ጌሾ ጎድሎታል።»

«እሱማ ጎድሎታል።»

የእኔን ብርሌ አንስቼ ጨረስሁት። እንደዚያ የጣመኝ መጠጥ ከዚያም ወዲህ አልገጠመኝም። አያ ደምሌ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ አልዋሽህም» አሉ። «ይኸ ጠጅ አደለም፤ ደብርህም ጠባብ ናት። ጠዋት እምቢ ብዬህ ልመለስ ቆርጬ ነበር። ያን ቀይ መጠጥ ሲሰጡህ ግን አየሁህ። እንዲያ ውሃ ጠምቶህ ያልኸውን ቃል ከጠበቅህ፣ ልጄንም ትጠብቃታለህ። ለጥር ተዘጋጅ።»

ጉልበታቸውን ልስም ተነስቼ እዚያው እፊታቸው ተንበረከክሁ። አለቀስሁም፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም። በጥር ሠርጋችን ላይ እንግዳው ሁሉ ብርዝ እየጠጣ ፊቱን ሲያጨማድድ አያ ደምሌ፣ «ጌሾው ገላባት ላይ ቀርቶብን ነው» እያሉ ያስቁ ነበር።

ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እኔ ከተማውን ሳሳያቸው እሳቸው እኔን ሲያዩ ነው የዋሉት። ዛሬ ደግሞ በእሳቸው ቦታ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። የምፈራውም እሳቸው የፈሩትን ነው። ልጄ ሩቅ አገር ብትታመም አጠገቧ ማን ይኖራል? የኬፕታውን ካቴድራል ምንም ቢያምር ይህን አይመልስልኝም።

ሰላም ስልኳን እንደያዘች መልሴን ትጠብቃለች።

«አባቴን መሰልህ፣ ቁርጥ እሳቸውን» አለች ትርንጎ፣ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሳ።

«በይ ንገሪው» አልኋት ሰላምን። «መንገዱ ቢርቅም እመጣለሁ። ካቴድራሉንም ያሳየኝ፣ ወይኑንም ያቅምሰኝ። ቀኑ ግን ዓርብ ይሁን።»

«ዓርብ? ለምን ዓርብ?»

ትርንጎ ሳቋ አመለጣት። ወደ እሷ ዞሬ፣ «አንቺ ደግሞ የዓርቡን ነገር እንዳትነግሪያቸው» አልኋት።