ናሚ ሞታለች የተባለበት ቤት

ናሚን ያወቅኋት ከሞጊ የዓሣ አጥማጆች መንደር የመጣች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አባቷን ባሕር በልቶታል። ናጋሳኪ ስትገባ አንድ ደላላ ለውጭ አገር የመርከብ መኮንን ዳራት፤ መርከቡ ወደብ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ የሚጸና ጋብቻ። ከሰፈራችን ልጆች ብዙዎቹ እንዲህ ተድረዋል፤ ነውር ያለው የለም፣ ሠርግ ብሎ የጠራውም የለም። እኔ ፉሳ መኮንኑ ኮረብታው ላይ የተከራየላት ቤት ልብስ አጣቢ ነበርኩ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ይወጣል፣ ናሚ እየሳቀች ከኋላው ትጠርጋለች። ቅጠል ሲረግፍ ሄደ። እመለሳለሁ ማለቱን እኔም ሰምቻለሁ፤ ግን ከቋንቋችን የሚያውቀው ሃያ ቃል ቢሆን ነው፣ ያለውን እሱም ያወቀው አይመስለኝም።

ሴት ልጅ ተወለደች። ሂሮ አለቻት፤ ዓይኗ የዝናብ ደመና ይመስላል። ናሚ ሌላ ባል አላገባችም። ከኮረብታው ወርዳ ከእኔ ጎን ያለችውን ክፍል ያዘች፣ በስፌት ልጇን አሳደገች። ሂሮ አራት ዓመት ሲሞላት ኮሌራ ገባ፤ በሁለት ቀን ሞተች። የወረርሽኝ ሬሳ ነው ብለው ከሌሎቹ ጋር አቃጠሏት፤ አመዷን እንኳ ለይቶ የሰጠ የለም። እናቲቱ አላለቀሰችም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ መርከብ በጮኸ ቁጥር በግድግዳው በኩል ድምፅዋ ይሰማኛል። «ነይ፣ አባትሽ ነው» ትልና ትጠብቃለች፤ ቆይታ ቆይታ መርፌዋን ታነሳለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ። በእኛ እምነት በነሐሴ ሙታን ወደየቤታቸው መጥተው ይመለሳሉ፤ ያኔ ሁሉም ለሟቹ የገለባ ጀልባ ሠርቶ በባሕር ይሸኛል፤ እሷ አንድም ዓመት አልሸኘችም። ብቆጣት፣ «ሳትመጣልኝ እንዴት አድርጌ ልሸኛት?» አለችኝ።

አንድ ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ስንወጣ ናሚ ከመኮንኑ ጋር በኖረችበት በዚያ አሮጌ ቤት በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘን። በባሕር ማዶ የውጭ አገር ባሏ ጥሏት የሄደ የአንዲት የናጋሳኪ ልጅ ታሪክ መድረክ ላይ በዘፈን ተጫውቶ ሕዝቡን እንዳስለቀሰ ጋዜጣ ጽፎ ነበር። ሰው የሚጭን ጋሪ ይጎትት የነበረው፣ ዕድሜው የገፋው ታሜኪቺ ደግሞ ቤቱ ይሄ ነው ብሎ ከቶኪዮ ለመጡ እንግዶች በገንዘብ ያስጎበኛል። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ሴት ልጇን ትታ እዚህ ምንጣፍ ላይ ራሷን ገደለች አላቸው። አንዲት እንግዳ ልጅቷስ ምን ሆነች ብላ ጠየቀችው።

«ልጅቷንማ አባትየው መጥቶ ወሰዳት» አለ። «ዛሬ እዚያ ማዶ ትልቅ ቤት አላት፣ ወልዳለች።»

አፌን ስከፍት ናሚ እጅጌዬን ያዘች። እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠብቄ፣ «አንተ ቀጣፊ፣ ሞተች ያልካት ይቺ ከጎኔ የቆመችው ናት» አልኩት። ታሜኪቺ አመድ መሰለ። አጎንብሶ ይቅርታ ለመናት።

«የእኔን ተወው» አለችው ናሚ። «የልጅቷን ድገምልኝ።»

እኔን አየኝ። ከዚያ ደገመላት።

«ስንት ወልዳለች?»

«ሦስት፣ እማማ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ናሚ በየሳምንቱ ወደዚያ ቤት ትወጣ ጀመር። ከእንግዶቹ ኋላ ቆማ ታዳምጣለች። ታሜኪቺ ሲያያት ይጨንቀዋል፤ አንድ ጊዜ ሞቷን ዘሎ ሊያልፍ ቢል ከኋላ ሆና፣ «ተናገረው እንጂ። እኔ ሳልሞት እንዴት ሊወስዳት ይችላል?» አለችው። እንግዶቹ ዞረው አዩዋት፣ መንገድም ለቀቁላት።

ቀስ በቀስ የሞት ነገር ያዛት። በስሟ ስጠራት አትሰማም። ሲመሽ መብራት አታበራም፤ እንጀራዋ የሆነውን ስፌት ተወች። ሩዝ ሳቀርብላት፣ «ለእኔ ነው?» ትለኛለች፣ የሌላ ሰው ድርሻ እንደሰጠኋት ሁሉ። ብሞግታት ይሻላል እያልኩ፣ ሂሮን ሁለተኛ እንዳልገድላት ፈርቼ ተውኩ። በሦስተኛው ክረምት እንደተቀመጠች ነፍሷ ወጣች። ፊቷ ላይ የጭንቀት ምልክት አልነበረም።

ቀብሯ ላይ ታሜኪቺ መጣ። ከዚያ በኋላ ግን ያንን ታሪክ መናገር አቃተው። «ራሷን ገደለች ስል» አለኝ፣ «ከሰዎቹ ኋላ አንዲት ሴት፣ ልክ ነህ እንደማለት ራሷን ስትነቀንቅ አያታለሁ።» በዚያ ዕድሜው ወደ ጋሪ መጎተቱ ተመለሰ። ቤቱን አንድ የጥጥ ነጋዴ ተከራየው፤ ምንጣፎቹንም በሙሉ አስቀየረ።