ለእናቴ የተረጎምኩላት ፊልም

እናቴ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ እኔ ቤት ከገባች አሥር ቀኗ ነበር። ያገር ቤቱን ዜና እንዳትሰማ የአማርኛ ጣቢያዎቹን ሁሉ ከቴሌቪዥኑ አጥፍቼባታለሁ። ታናሽ ወንድሜ ጦር ሜዳ ላይ ወድቋል። ከመምጣቷ በፊት አብሮት የነበረ ጓደኛው ደውሎ ነገረኝ፤ ለእሷ ግን ማንም ትንፍሽ እንዳይል ለምኜው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው መርዶውን ሊነግሯት ተቀጣጥረናል። እስከዚያ በሆነ መንገድ ብትሰማና ደም ግፊቷ ተነስቶ እጄ ላይ ብትቀርስ? ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ሐሙስ ከኦክላንድ ወደብ የጫንኩትን ኮንቴይነር አድርሼ በጊዜ ገባሁ። እናቴ ሶፋው ላይ ሆና አሮጌ የእንግሊዝ ፊልም ታያለች፣ ጥቁርና ነጭ።

«ና እስቲ ተርጉምልኝ» አለችኝ።

እኔ ጅሉ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፊልሙ ላይ ያለችው ሴትዮ በጦርነት የሞተው ወንድሟ እንዴት እንደሞተ ለማወቅ የጓደኞቹን ቤት እየዞረች ታንኳኳለች፤ እነሱ ደግሞ ይዋሿታል። ላብ አጠመቀኝ።

«ምን እያለች ነው?»

«ወንድሟ… አድራሻው ጠፍቶባት ነው።»

«ታዲያ ጥቁር ለምን ለበሰች?»

«ፊልሙ ራሱ ጥቁር ነው እኮ እማዬ።»

ልዘጋው ብል ሬሞቱ እሷ ጭን ሥር ነው። ፊልሙ ውስጥ አንድ መኮንን ለሴትየዋ ወንበር ስቦ ውሃ ቀዳላት፤ ዓይኗን ግን ማየት አቃተው። እኔም ሲያቀብጠኝ ገና ከመግባቴ ውሃ ቀድቼ እናቴ ፊት አስቀምጬ ነበር። ብርጭቆውን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

«ወንድሟ ሞቷል» አለች። «አንተም ሰምተሃል ማለት ነው።»

ተነሥታ ሻንጣዋን ከፈተችና ከሥር ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ነጠላ አወጣች።

«እኔ ለቅሶዬን ተቀምጬ ነው የመጣሁት» አለች። «ለአሜሪካው ልጄ በስልክ እንዳትነግሩብኝ፣ ያን የሚያህል መኪና የሚነዳ ልጅ ነው ብዬ ዘመዱን ሁሉ አስምዬ፣ ሥራ የማትገባበትን ቀን ስጠብቅ ነው የከረምኩት። እንዴት ብዬ ልንገረው እያልኩ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።

«በል አልቅስ ልጄ» አለችኝ። «አሁን ሁለት ነን።»